ታማኝነትንና ድፍረትን መለማመድ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ደቀ መዛሙርት

ከመሀል አዲስ አበባ ወጥተው በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ ክርስቲያኖች ከቤት ዕቃቸው ጋር ጭነው ሊያመጡት ያልቻሉት ነገር ቢኖር ያደጉበት ጉባኤ ነው። ፒያሳ ወይም ቂርቆስ ሳሉ ሲቀሩ የሚጠይቃቸው ጓደኛ፣ በስማቸው የሚጠራቸው ሽማግሌ፣ ጓዳቸውን የሚያውቅ የንስሐ አባት ነበራቸው። አዲሱ ሰፈር ግን በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች እንኳ ሳይተዋወቁ ወራት የሚያልፉበት ነው፤ ወደ ቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ላለም ታክሲ ሲቀያይር ግማሽ ቀኑ በመንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በዳርቻው የሚኖር አማኝ ከጌታው የሚርቀው ብዙውን ጊዜ በአደባባይ ክዶ ሳይሆን ማንም ሳያስተውለው፣ አንድ እሑድ ደክሞት ተኝቶ፣ ሌላ እሑድ በፈረቃ የመጣችውን ውኃ ሲቀዳ ውሎ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ላለው ሰው፣ በተለይም በአንድ ብሎክ ወይም በአንድ መንደር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰዎችን ይዞ ለመጀመር ለሚያስብ ደቀ መዝሙር ነው። ታማኝነትና ድፍረት በስብከት ብዙ ጊዜ ለየብቻቸው ይቀርባሉ፤ ታማኝነቱ ለመሪ መታዘዝ፣ ድፍረቱ ደግሞ በአደባባይ መናገር ይሆንና አድማጩ አንዱን የጭምቶች፣ ሌላውን የአንደበተ ርቱዓን ስጦታ አድርጎ ይወስደዋል። በእኔ እምነት ሁለቱ ተነጣጥለው አይቆሙም። ድፍረት የጎደለው ታማኝነት በይሉኝታ ተሸንፎ ለወዳጅም ለጌታም ሳይሆን ይቀራል፤ ታማኝነት የጎደለው ድፍረትም ከጉራ አያልፍም። ሁለቱም የሚለመዱት ምስክር ባለበት፣ በትንሽ ነገር ነው፤ በጥቂቱ የታመነ በብዙም ይታመናል የሚለው የጌታ ቃል (ሉቃ. 16፥10) ልምምዱ ከየት እንደሚጀምር ያመለክታል።

የታማኝነትን ቅደም ተከተል አስተካክሉ

ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ታማኝነት አለብን የምትሏቸውን ሰዎች ስም ጻፉ፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ አሠሪ፣ የሕዋስ (በየቤቱ የሚሰበሰብ ትንሽ የጸሎት ቡድን) መሪ ወይም የንስሐ አባት፣ የዕድር ዳኛ፣ ያሳደገ አጎት፣ በችግር ቀን ብድር የሰጠ ጓደኛ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን፣ ይህ ሰው ቢጠይቀኝ እምቢ የምለው ነገር ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ በአንድ መስመር መልስ ስጡ። መልስ ያልተገኘለት ስም ካለ ያ ሰው በልባችሁ የጌታን ቦታ ይዟል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲያደርግ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ስም ያገኛል፤ ያም ስም ብዙውን ጊዜ የክፉ ሰው ሳይሆን የሚወደድና ውለታ የዋለ ሰው ስም ነው፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ የኖረ ሰው ቢባል ዮናታን ይጠቀሳል። የንጉሥ ሳኦል ልጅ ሆኖ ሳለ ከዳዊት ጋር ቃል ኪዳን ገባ፤ አባቱ ዳዊትን ሊገድል በተነሣ ጊዜም ስለ ምን ይሞታል፣ ምንስ አደረገ ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀው፤ አባቱም ጦር ወረወረበት (1 ሳሙ. 20፥32-33)። ይሁን እንጂ ዮናታን አባቱን ጥሎ አልኮበለለም፤ በጊልቦዓ ተራራ በተደረገው ጦርነት አብሮት ወደቀ። ለአባቱ ሲል ዳዊትን አሳልፎ አልሰጠም፤ ለዳዊት ሲልም አባቱን አልከዳም። ለምንወደው ሰው በአንድ ነገር እምቢ ማለት እሱን መተው እንዳልሆነ ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

በአገራችንም ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጣልያን ወራሪ እንዲገዛ አልሰብክም፣ አርበኞቹንም አላወግዝም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በደርግ ዘመን፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ከመንበራቸው ወርደው ታስረው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተወስደው ሕይወታቸውን አጡ። እነዚህ አባቶች የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ የሚጋሩት ለማን እንደሚታመኑ ወታደር በራቸውን ከማንኳኳቱ ብዙ ዘመን አስቀድመው የለዩ መሆናቸው ይመስለኛል። በጭንቅ ቀን የሚታየው በአዘቦቱ ቀን የተወሰነው ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያዙ

ብቻውን ደፋር ሆኖ የሚዘልቅ ሰው የለም ባይባል እንኳ እጅግ ጥቂት ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቀጠሉ፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመዘጋቷ በፊት ከነበሯት ምእመናን ብዙ እጥፍ ይዛ ብቅ አለች። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ለመሰብሰብ የሚከለክል ወታደር የለም፤ ሆኖም ብዙ ቡድኖች ሦስት ወር ሳይሞላቸው ይበተናሉ። የሚበተኑበትም ምክንያት ባመዛኙ መንፈሳዊ ከሚባለው ይልቅ ተራ የሆነ የአደረጃጀት ጉድለት ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሰዎቹ በእግር የምትደርሱባቸው ይሁኑ። በጣም የምትወዱት ጓደኛ አየር ጤና፣ እናንተ ኮዬ ፈጬ ከሆናችሁ ወዳጅነቱ ይቀጥል እንጂ ሳምንታዊው ልምምድ በእሱ ላይ አይመሥረት፤ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ነገር የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ያበቃል። ሁለተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። በሥራ ቀን ማታ የታክሲ ሰልፍ ማንን መቼ እንደሚለቅ ስለማይታወቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ጸሎቱ ጣፍጦ ቢረዝም እንኳ ልጅ ትቶ የመጣ ሰው በሰዓቱ እንዲሄድ ፈቃዱ አስቀድሞ የተሰጠ ይሁን።

ሦስተኛው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ቡድን ያፈረሰው እሱ ነው ባይ ነኝ። የመስተንግዶ ጉዳይ ነው። ባለቤቲቱ እንግዳ መጥቶባት ቡና ሳታፈላ፣ ዳቦ ሳትቆርስ መሸኘት ነውር ስለሚመስላት ተራዋ በደረሰ ቁጥር ትጨነቃለች፤ ወር መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ እንግዳ መጥቶብኛል፣ ወይም ትንሽ አሞኛል ብላ ትቀራለች፤ ሁለት ጊዜ የቀረች ሰው ሦስተኛውን ትፈራለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሻይና ቆሎ ብቻ ይሁን ተብሎ ይወሰን፤ የተሻለ ያላቸውም ያንኑ ያቅርቡ። ያለው ቤት ዶሮ ሠርቶ የሌለውን ቤት ማሳፈር፣ ባይታወቅም፣ ወንድምን ማሰናከል ነው።

በሰዓቱ ምን ይደረግ ለሚለው፣ አንድ ወንጌል ይዛችሁ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ማንበብ በቂ ነው፤ የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ስለሆነ አራት ወር ሳይሞላ ያልቃል። ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ ይመልስ፤ ባለፈው ሳምንት የገባሁትን ቃል የጠበቅሁት የት ላይ ነው? ፈርቼ ዝም ያልሁትስ የት ላይ ነው? በሚመጣው ሳምንት ከፊቴ ያለው ፈተና ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይዘለል ተጠንቀቁ፤ ብዙ ቡድን ያለፈውን በመናዘዝ ብቻ ይጠመድና ለሚመጣው ሳይዘጋጅ ይበተናል። ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ቢሆኑ ንግግሩ ግልጽ ይሆናል። የተነገረውም ከክፍሉ አይውጣ፤ ለጸሎት ርእስ በሚል ሽፋንም ቢሆን አይውጣ። በደረጃው ላይ ወሬ አንድ ጊዜ ከተሰማ ቡድኑን መልሶ ማቆም አይቻልም።

ይህ ቡድን የቅዳሴን ወይም የእሑድን ጉባኤ፣ የንስሐ አባትንም ቦታ አይወስድም፤ በአቅራቢያ ያለች አጥቢያ ተፈልጋ መታቀፍ ይገባል። የጽዋ ማኅበር ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት በብሎኩ ካለ፣ አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ በዚያ ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠያየቁ ሁለት ሰዎች ማግኘት የተሻለ ነው።

ቃላችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ድፍረት ድንገት ከሰማይ የሚወርድ ሙቀት ተደርጎ ስለሚታሰብ ለእሱ የሚዘጋጅ ሰው ጥቂት ነው። ዳንኤል ግን በንጉሥ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ የወሰነው ምግቡ ፊቱ ሳይቀርብ ነበር፤ ከወሰነ በኋላም ገበታ አልገለበጠም፤ አለቃውን በትሕትና ጠየቀ፣ አማራጭ አቀረበ፣ ለአሥር ቀን ፈትነን አለ (ዳን. 1፥8-14)። ውሳኔ፣ ትሕትና፣ አማራጭ፤ በሥራ ቦታ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

በከተማው ዳርቻ ግንባታ ስለማያቋርጥ ከብዙዎቻችን ቤት አንድ ሰው በዚያ ሥራ ላይ አለና ምሳሌውን ከዚያ ልውሰድ። የአንድ ሕንፃ ስቶር ኪፐር (የዕቃ ቤት ኃላፊ) የሆነ ወንድም ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመጣበታል እንበል። ሰነዱ 200 ኩንታል ይላል፤ አንድ ኩንታል ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ 400 ከረጢት መውረድ አለበት። ጫኝና አውራጆቹ ይቸኩላሉ፣ ሹፌሩ ሳይመሽ ልውጣ ይላል፣ ፎርማኑም ትከሻውን መታ መታ እያደረገ “ፈርምለት በቃ፣ ቀሪው ነገ ይመጣል” ይለዋል። የወረደው ሲቆጠር 360 ነው። በዚህች ቅጽበት ሰውየው አዲስ ቃል ሊፈልግ ቢነሣ አያገኝም፤ ይሉኝታው ይቀድመዋል፣ እጁ ይፈርማል። ቀድሞ የተዘጋጀ ግን የሚለው አጭር ነው፦ “የቆጠርኩት 360 ነው፤ በ360 ልፈርም፤ ቀሪው ሲመጣ በመጣበት ቀን እፈርማለሁ።”

በዚህ አባባል ውስጥ ሊስተዋሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ማንንም ሌባ አላለም፤ ምናልባት ቀሪው በእርግጥ ነገ ሊመጣ ይችላልና። እኔ ክርስቲያን ነኝ ብሎም አልጀመረም፤ እንዲህ ያለው መግቢያ በአካባቢው ያሉትን ሁሉ ሳይጠየቁ ኃጢአተኛ ያደርጋቸዋል፣ ጠቡንም ከሲሚንቶ ወደ ሃይማኖት ያዞረዋል። ስለ ምክንያቱ በኋላ ሲጠየቅ ግን በየዋህነት ይመልሳል፤ የጴጥሮስ ምክርም ለሚጠይቁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ የሚል ነው (1 ጴጥ. 3፥15)። ደግሞም ቆጠራው የተደረገው መኪናው ሳይሄድ፣ በሹፌሩ ፊት፣ ቁጥሩም በሰነዱ ላይ ወዲያውኑ ተጽፎ ነው። በጥንቃቄ ያልቆጠረ ሰው ሲደፍር ግትር ይባላል፤ የቆጠረ ሰው ግን ማስረጃ ይዟል።

ዐረፍተ ነገሩን በቡድናችሁ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። አንዱ ፎርማን ይሁን፣ ይቆጣ፣ ይለማመጥ፣ የልጁን ወተት ያንሣ፤ ሌላው ያንኑ አጭር ቃል ድምፁን ሳያነሣ ሦስት ጊዜ ይመልስ። መጀመሪያ ያስቃል፤ ሳቁ ሲያልፍ ግን ማን በየትኛው ቃል እንደሚሸነፍ ይታወቃል። ይኸው ዘዴ ደረሰኝ ሳትቆርጪ ሽጪ ለምትባል የሱቅ ሠራተኛ፣ ሚዛኑ ላይ እጁን እንዲያሳርፍ ለሚጠየቅ የእህል ነጋዴ ተቀጣሪ፣ ለአንድ ቤት ሁለት ቀብድ እንዲቀበል ለሚገፋፋ ደላላም ይሠራል።

ኪሣራውንም አስቀድማችሁ አስሉ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ተቀምጦ ወጪውን የሚቆጥር መሆኑን ጌታ የተናገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ሲያስተምር ነው (ሉቃ. 14፥28)። እምቢ ያለ ሰው ከሥራ ሊባረር ይችላልና ይህን ለትዳር ጓደኛ በዋዜማው መንገር፣ የአንድ ወር ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ዕቁብ ካለም ዕጣው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ፣ ሌላ ሥራም ከአሁኑ ማጠያየቅ የእምነት ማነስ ተደርጎ አይቆጠር። ቡድኑም ድርሻ አለው። ወንድሙን ጽና ብሎ መክሮ፣ ሲባረር ጤፍ የማያዋጣ ቡድን ድፍረትን ያስተማረው በሌላ ሰው ኪስ ነው። ጸሎታችሁም የሐዋርያትን ጸሎት ይምሰል፤ እነሱ ሲዛትባቸው ዛቻው እንዲወገድ ብቻ አልለመኑም፤ ቃሉን በፍጹም ግልጥነት ይናገሩ ዘንድ ጠየቁ እንጂ (ሐዋ. 4፥29)።

በጎረቤትና በቤተሰብ መካከል ስላለው ፈተና ጥቂት ልበል። የእምነታችሁን ድፍረት ለማሳየት ብላችሁ ከዕድር አትውጡ፤ ድንኳን ለመትከል መጀመሪያ ከሚደርሱት መካከል ሁኑ፤ የማታምኑበት ሥርዓት ሲኖር ለብቻው፣ አስቀድማችሁ፣ ለዕድሩ ዳኛ በአክብሮት አስረዱ። የእናቱን እምነት የሚሳደብ ልጅ ደፋር አልተባለም። በረንዳ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ሌሊቱን ሙሉ መዝሙር መልቀቅም፣ ለየትኛውም ቤተ እምነት ቢሆን፣ ድፍረት ሳይሆን ጎረቤትን እንቅልፍ መንሣት ነው፤ ቡና ጠጡ ብሎ ያንኑ ጎረቤት ማንኳኳት ከዚያ የበለጠ ወኔ ይጠይቃል።

ሌላው ሲሸሸው ቅረቡት

ሐዋርያው ጳውሎስ በመጨረሻው እስራቱ ከጻፈው መልእክት ሁለት ስሞች ይነጻጸራሉ፤ ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወድዶ ተወኝ ይላል፤ ስለ ሄኔሲፎሩ ግን በሰንሰለቴ አላፈረም፣ ወደ ሮሜ መጥቶ ፈልጎ አገኘኝ ብሎ ይመርቀዋል (2 ጢሞ. 1፥16-17፤ 4፥10)። የታሰረን ሰው መፈለግ ዛሬም ያው ነው፤ ጣቢያ ለጣቢያ መዞር፣ በር ላይ መሰለፍ፣ መታወቂያ ማሳየት አለበት። ሰው ሲታሰር ወይም ስሙ በክፉ ሲነሣ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ ወዳጁ ይሳሳል። ጉዳዩን አጣርታችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ መጠየቅ መመስከር አይደለምና ምግብና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሚስቱም ደውሉ።

ለዚህ ከመጽሐፍ ቅዱስ የምወደው ሰው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ኤርምያስ ጭቃ ባለበት ጉድጓድ ተጥሎ ሊሞት ሲል፣ ይህ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ መኳንንቱ ያደረጉት ሁሉ ክፉ ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። ፈቃድ ካገኘ በኋላ ያደረገው ነገር ከንግግሩ አያንስም፤ ከግምጃ ቤት አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወስዶ በገመድ አወረደለትና ገመዱ እንዳይቆርጥህ በብብትህ ሥር አድርገው አለው (ኤር. 38፥7-13)። በንጉሥ ፊት ለመቆም ያልፈራ ሰው የነቢዩን ብብት እስከ ማሰብ ደረሰ። ተረፈ ባሮክ የተባለው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መጽሐፍ በሚነበብበት ቤት ያደገ ሰው ይህንኑ አቤሜሌክ በለስ እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ ከኢየሩሳሌም ጥፋት በተሰወረበት ታሪክ ይበልጥ ያስታውሰዋል፤ እኔ ግን ጨርቁን አስቀድማለሁ። ሰውን ልትረዱ ስትነሡ ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁን አስቡ፤ ለተባረረ ወንድም ገንዘብ ስትሰጡ በልጆቹ ፊት አትስጡት፤ የታመመችን እህት ስትጠይቁ ቤቷን የሚጠርግ ሰው ይዛችሁ ግቡ።

ከመሪ ጋር ስትለያዩ

ለመሪ ታማኝ መሆን መሪው ሲሳሳት ዝም ማለትን አይጨምርም። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃወመው (ገላ. 2፥11)፤ ጴጥሮስን ግን አልጠላውም፣ ሌላ ቡድንም አልመሠረተም። ጥርጣሬያችሁ ስለ ትምህርት ከሆነ መጀመሪያ የቤርያ ሰዎች እንዳደረጉት መጻሕፍትን መርምሩ፤ ያልተረዳችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ለብቻው ሂዱ፣ የሰማችሁትን ቃል በቃል አንሡ፣ ጠይቁ። ካልተሰማችሁ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንደሚያሻው ተጽፏል (1 ጢሞ. 5፥19)። ስልክ ላይ በቡድን መልእክት መጀመር የፈሪ መንገድ ነው፤ ነገሩ ከመጣራቱ በፊት መንደሩን ያዳርሳል።

በገንዘብ ጉዳይ ጠበቅ በሉ። ስለት ያልደረሰው ገንዘብ ስላላመጣህ ነው የሚል፣ ዘይትና ውኃ በዋጋ የሚሸጥ፣ የሒሳብ ጥያቄን እንደ አመፅ የሚቆጥር አገልጋይ ሲያጋጥም፣ በየዋህነት ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ እግራችሁን ማንሣት ክህደት አይሆንባችሁም። ሕፃን ከተደፈረ ወይም ሴት ከተደበደበች ግን ይህ የደረጃ አካሄድ አይሠራም፤ በቤታችን እንጨርሰው የሚል ሽማግሌ ቢቆጣም በዚያው ቀን ለፖሊስ ይነገር፣ የተጎዳውም ሰው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። የቤተ ክርስቲያንን ስም ለመጠበቅ ተብሎ የተሸሸገ በደል ለማንም የታመነ አይደለም።

መሸሽ የሚገባበት ጊዜ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መንጋውን በመከራ ሰዓት ጥለው መሄድን አልተቀበሉም። ይህን የሚሰማ ወጣት መቅረት ሁልጊዜ ከመሄድ ይበልጣል ብሎ እንዳይደመድም እሰጋለሁ። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አመለጠ፤ በፊልጵስዩስ ደግሞ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ መብቱን አስከበረ (ሐዋ. 9፥25፤ 16፥37)፤ ጌታም በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏል። ልዩነቱን ለማየት፣ እኔ ብሄድ ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚያርፈው በእናንተ ምቾት ወይም ክብር ላይ ብቻ ከሆነ መሄድ ይቻላል፤ ለእናንተ በተሰጡ ደካሞች ላይ ከሆነ ደግማችሁ አስቡ፤ ውሳኔውንም ለብቻችሁ ሌሊት አትወስኑት፣ ለቡድናችሁ አቅርቡት። በቤቷ የምትደበደብ እህት ወደ ቤቷ እንድትመለስ ታማኝነትን የሚጠቅስ ሰው ካለ ግን አትስሙት፤ የምትተኛበት ቦታ ፈልጉላት።

የፈራውን መልሱ

ይህን ሁሉ ተለማምዶም የሚወድቅ ይኖራል። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በከሰል እሳት ዙሪያ ሲሞቅ ካደ፤ ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር የጠበቀው በሌላ የከሰል እሳት ነበር (ዮሐ. 18፥18፤ 21፥9)። ሦስት ጊዜ ለካደ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ ቀጥሎም ሥራ ሰጠው። ጳውሎስንና በርናባስን ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው የተመለሰውን ማርቆስን ጳውሎስ አልወስድም ሲል በርናባስ ይዞት ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ይጠቅመኛል ብሎ ጻፈ። የሁለቱም አመላለስ ለእኛ ሥራ የሚሆን ሥርዓት ይሰጠናል።

ያ ስቶር ኪፐር ፈርቶ በ400 ፈርሞ ከሆነ ሳምንቱ ሳያልፍ ከእናንተ አንዱ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ስብሰባ ላይ አታንሡበት፣ በምሳሌም አትንኩት። ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ሲናገር አይቋረጥ። ሰነዱን ለማስተካከል ጊዜ ካለ አብራችሁት ወደ ባለቤቱ ሂዱ፤ በር ላይ መጠበቅም መሄድ ነው። ከተባረረ የተባለው ቀለብ ይዋጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ወትሮው ምዕራፉን የሚያነብበው እሱ ይሁን፣ ጥያቄዎቹንም እንደ ሌላው ይመልስ። የቡድኑን መዋጮ ይይዝ ከነበረና ጥፋቱ የገንዘብ ከሆነ ግን መዋጮው ለጊዜው ወደ ሌላ ሰው ይዙር፤ ምክንያቱ ለራሱ ፊት ለፊት ይነገረው፣ ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት ቀንም በዚያው ይቆረጥ።